ርካሽ ሰሚ ሆሎ ጊታር፦ ቀዳዳውን ሳይሆን መሃሉን እይ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ አንድ ሆቴል ውስጥ ከኪቦርድ፣ ከሳክስፎንና ከድራም ጋር ጊታር እጫወታለሁ፤ አልፎ አልፎ ሰርግም አለ። አሁን የያዝኩት ድፍን ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። አክስቴ ከውጭ ልትመጣ ስለሆነ በመጠነኛ ዋጋ አንድ ሰሚ ሆሎ እንድታመጣልኝ አስቤያለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹ኮምፔንሳቶ ነው፣ መድረክ ላይ ያፏጫል› እያሉ ያስፈራሩኛል። ድምፁ እውነት ከድፍኑ ይለያል? ለትዝታና ለባቲስ ይሆናል? ምን አይተን እንግዛ?»

መልስ፦

አብሽር ወንድሜ። ጓደኞችህ ከነገሩህ ሁለት ነገር የመጀመሪያው እውነት ነው። ኮምፔንሳቶ ነው፤ ነውሩ ግን አይታየኝም። ሁለተኛው፣ ማፏጨቱ፣ እንደ ጊታሩ ውስጠኛ አሠራርና እንደ አንተ አቋቋም ይለያያል። ደሴ ላይ ጊታር መጠገን ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሰሚ ሆሎ ተብለው ከመጡልኝ ጊታሮች ባለቤቶቻቸው የወደዷቸውንና የተማረሩባቸውን ሳስታውስ፣ የሚለያቸው ፊታቸው ላይ ያለው ቀዳዳ አይደለም፤ ሆዳቸው መሃል የተጋደመው እንጨት ነው። ረዘም አድርጌ የምነግርህም ስለ እሱ ነው።

ድፍኑ ጊታርህ ከተጋጠሙ ሳንቃዎች የተቀረጸ ነው፤ ሆድ የለውም። የድሮዎቹ የጃዝ ሰዎች የሚይዙት ሆደ ባዶ ጊታር ደግሞ እንደ ክራር ገበቴ ውስጡ ክፍት ነው። ሰሚ ሆሎ የሁለቱ ልጅ ነው። ከውጭ ስታየው ሆደ ባዶ ይመስላል፤ ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ የኤፍ ፊደል ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉት። ውስጡ ግን ከአንገቱ ሥር ተነስቶ እስከ ታችኛው ጫፍ ድረስ አንድ ወፍራም እንጨት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ብሪጁም (ክሮቹ ከታች የሚሻገሩበት ድልድይ) ፒክአፖቹም (የክሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት) የሚያርፉት እዚህ እንጨት ላይ ነው፤ ባዶ የሆኑት ክንፎቹ ብቻ ናቸው። ይህን አሠራር ያስለመደው ጊብሰን በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢኤስ-335 የተባለው ጊታር ነው። በዚያ ጊዜ ኩባንያውን ይመራ የነበረው ቴድ ማካርቲ የሆደ ባዶውን ሞቅ ያለ ድምፅ ሳይለቅ፣ ቮልዩም ሲጨመርበት ቶሎ የማይጮህ ጊታር ፈልጎ ነበር። ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ የምታገኛቸው ኤፒፎን ዶት፣ አይባኔዝ ኤኤስ73፣ ግሬች ስትሪምላይነር ጂ2622፣ ስኳየር ስታርካስተር፣ ሃርሊ ቤንተን ኤችቢ-35 ሁሉም የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጆች ናቸው።

ኮምፔንሳቶ የሚለው ቃል እኛ አገር ስሙ ጠፍቷል፤ ውሃ ሲነካው የሚላጠውን የቁም ሳጥን ጀርባ ያስታውሰናል። ነገር ግን ያ በሺዎች ዶላር የሚሸጠው ኢኤስ-335ም ገላው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሜፕል፣ ፖፕላር፣ እንደገና ሜፕል፣ በኮላ ተደራርበው በቅርጽ ማውጫ ተጨምቀው። የጃዝ ጊታሪስቶች ሲወዱት የኖረው በ1949 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢኤስ-175ም እንዲሁ ነው። ምክንያቱ ገንዘብ ማዳን ብቻ አልነበረም። የተደራረበ እንጨት ስለሚጠነክር ከስፒከር የሚመጣው ድምፅ እንደ ከበሮ ቆዳ አያርገበግበውም። ስስ የእንጨት ቅጠሎቹ የደም ሥራቸው (የእንጨቱ መስመር) ተሻግሮ ስለሚጣበቅ በደረቅ አየርም ቶሎ አይሰነጠቅም። ከክረምት ጭጋግ ወደ በጋ ደረቅ ነፋስ ለምንመላለስ ለእኛ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደረቱ ከአንድ ወጥ እንጨት የተጠረበ ውድ ጊታር ቢሰጡኝ ደሴ ላይ የምይዘው በስጋት ነው። ርካሹን ከውዱ የሚለየው የኮላው ጥራት፣ የመሃሉ እንጨት አገጣጠም፣ የቀለሙ ውፍረትና የብረታ ብረቱ ዓይነት ነው።

መሃሉ እንጨት ራሱ እንደየፋብሪካው ይለያያል። ከባድ ሜፕል የሚያስገባ አለ፤ ቀለል ያለ ስፕሩስ የሚያስገባ አለ፤ ክብደት ለመቀነስ በየቦታው የሚፈለፍለውም አለ። ሁሉም ያስኬዳል። ችግሩ እንጨቱ ብሪጁ ጋ ሳይደርስ ሲቋረጥ ወይም ጭራሽ ሲቀር ነው። ኤፒፎን ካሲኖን ብትወስድ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ጥሩ ጊታር ነው፤ ከሩቅ ስታየው ከኢኤስ-335 አትለየውም፤ ግን መሃሉ ላይ ምንም የለም። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ሰርግ ላይ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ዘፈን ጊታሩን ያማርራል። ጊታሩ አልበደለውም፤ ለጸጥተኛ ቤት የተሠራን ነገር ወደ ሞንታርቦ ፊት ያወጣው እሱ ነው።

ስለዚህ አክስትህ ሱቅ ገብታ ማየት ከቻለች የስልኳን መብራት በአንደኛው ቀዳዳ ታብራበትና ወደ መሃል ትመልከት። ከታች እስከ ላይ ግድግዳ ሆኖ የቆመ እንጨት ከታያት አለ ማለት ነው፤ ወደ ማዶኛው ቀዳዳ አሻግራ ማየት ከቻለች የለም። በጣቷ አንጓም ታንኳኳው። መሃሉን ስትመታ ደረቅ አጭር ድምፅ፣ ክንፎቹን ስትመታ የሚያስተጋባ ድምፅ ይሰማታል። በኢንተርኔት የምታዝ ከሆነ መግለጫው ላይ «ሴንተር ብሎክ» የሚል ቃል መኖሩን ሳታይ አትክፈል።

ወደ ድምፁ ልምጣ። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ፒክአፑ የሚያዳምጠው የብረት ክሩን እንቅስቃሴ ነው፤ እንጨቱን አይሰማም። ታዲያ እንጨቱ ምን አገባው? የሚገባው ከክሩ ጉልበት በሚወስደው ልክ ነው። ክራር ስትመታ ቆዳው የክሩን ጉልበት ተቀብሎ ወደ አየር ይበትነዋል፤ ድምፁ ወዲያው ጎልቶ ወጥቶ ወዲያው ይከስማል። ድፍን ጊታር ላይ ጉልበቱ መሄጃ ስለሌለው ክሩ ላይ ይቆያል፤ ድምፁ ይረዝማል። ሰሚ ሆሎ መሃሉ እንጨት ያጸናዋል፣ ክንፎቹ ጥቂት ይወስዱበታል። አመታቱ ለስላሳ ይሆናል፤ ወፍራሙና ቀጭኑ መካከል ያለው ድምፅ ይከፈታል፤ ጅራቱ አጠር ይላል። ጆሮዬ ላይ የሚቀረው ነገር ድምፁ አየር ያለው መሆኑ ነው፤ ኖታው ዙሪያውን ትንሽ ቦታ ይዞ የሚመጣ ይመስላል።

ልዩነቱን ግን አላጋንንልህም። ድምፁ ንጹሕ ሆኖ፣ ቮልዩሙ መካከለኛ ሆኖ ስትጫወት በግልጽ ይሰማል። ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን ከከፈትክ ግን አብዛኛው ይጠፋል፤ ያኔ የሚወስኑት ፒክአፑና አምፕሊፋየሩ ናቸው። በሆቴል ውስጥ ለስለስ አድርገህ የምትጫወት ከሆነ ለገንዘብህ የሚመለስ ልዩነት ነው። ሮክ ብቻ የምትጫወት ብትሆን ኖሮ ድፍኑን ያዝ፣ ገንዘቡን ለተሻለ አምፕ አውለው እልህ ነበር።

ስለ ትዝታና ባቲ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ባቲ ካንተ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አምባሰል ከእኛ በስተሰሜን ነው፤ ቅኝቶቹ የያዙት የደጃችንን ስም ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ኖታዎቹ ተራርቀው ስለተቀመጡ ማንኛውም ጊታር ላይ ያምራል። ባቲ ግን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን ሚና ፋ፣ ሲና ዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ ይጎራበታሉ። አምባሰልም ላይ ዶና ዝቅ ያለው ሬ፣ ሶልና ዝቅ ያለው ላ እንዲሁ ትከሻ ለትከሻ ናቸው። እነዚህን በተለያየ ክር ላይ ስታወጣቸው ወይም ኢኮ ሲበዛባቸው ፊተኛው ሳይሞት ኋለኛው ይደርስና ይጋጫሉ፤ ዜማው ይደፈርሳል። ጅራቱ አጠር ያለ ጊታር ላይ ፊተኛው ቦታ ለቅቆ ይጠብቃል። ሰሚ ሆሎ ለእኛ ዜማ ይስማማል የምለው በዚህ ነው፤ ክራር ለምን እንደሚያምርበት ካሰብከው ምክንያቱ ሩቅ አይደለም።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። ርካሽ ሰሚ ሆሎ ላይ በአንገቱ በኩል ያለው ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ይጨልማል፤ ሁሉም ሰው ጃዝ ጃዝ ይሸታል ብሎ እሱን ከፍቶ ይተወዋል፤ ባቲው ጭቃ ይሆናል። የፒክአፕ መምረጫውን መሃል ላይ አድርገህ ሁለቱንም ክፈት፤ የአንገቱን ቮልዩም ወደ 7 አውርደው፤ የብሪጁን ሙሉ ተወው። ቶኑን እንደ ጆሮህ ቀንስ። ብዙዎቹ ላይ መምረጫው መሃል እያለ አንዱን ቮልዩም ዜሮ ብታደርገው ሁለቱም ፒክአፖች ዝም ይላሉ፤ የሽቦው አሠራር ነው፣ ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ። ክሩን በተመለከተ 11 ቁጥር (የክሩ ውፍረት መለያ ነው) እመርጥልሃለሁ። የአብዛኞቹ እነዚህ ጊታሮች የክር ርዝመት 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የብዙ ድፍን ጊታር ግን 648 ነው፤ አጭር በመሆኑ ክሩ ይለዝባል፤ 11ን ያለ ጭንቅ ትስበዋለህ። ያን ለማሲንቆ የቀረበ የድምፅ መንሸራተት የምታወጣውም ክር በመሳብ ነውና እጅህ ይደሰታል።

ማፏጨት ሁለት ዓይነት ነው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። አንደኛው ከታች የሚነሳ፣ እንደ ገደል ማሚቶ እየጎላ የሚሄድ ወፍራም ጩኸት ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ የጊታሩን ደረት አርገብግቦ ክሩን መልሶ ሲያንቀሳቅሰው የሚፈጠር ዙር ነው። ከአምፑ ፊት ለፊት አትቁም፤ ጎን ለጎን ሁን፤ ገላህ በጊታሩና በስፒከሩ መካከል ቢሆን ይረዳል። ሚክሰሩ ላይ ቤዙን ቀንስ። የማትመታቸውን ክሮች በመዳፍህ ያዝ፤ በዘፈንና በዘፈን መካከል ቮልዩምህን ዝጋ። ይህ ሁሉ ካልበቃ ቀዳዳዎቹን በስፖንጅ ድፈናቸው። ቢቢ ኪንግ ራሱ ጨርቅ ይወትፍባቸው ነበር፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ጊብሰን በስሙ ያወጣለት ጊታር ጭራሽ ቀዳዳ የለውም። ስፖንጁን በጥቁር ክር እሰረው፤ ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሁለተኛው ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ነው። ይህ የእንጨቱ ጥፋት አይደለም፤ ፒክአፑ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ በሰም ስላልታሰረ ልክ እንደ ማይክራፎን ይሆናል። ለማወቅ አምፑን ከፍተህ የፒክአፑን ክዳን በጥፍርህ ነካ ነካ አድርግ፤ ጥፍርህ በስፒከሩ ጎልቶ ከተሰማህ እሱ ነው። መድኃኒቱ ቀልጦ የሚገባ ሰም ነው፤ ነገር ግን ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፣ ይቀጣጠላል፤ ሙቀቱም ካለፈ የፒክአፑን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ለሚያውቅ ሰው ስጠው።

ይህን ካነሳሁ ስለ መብራት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፒክአፖቹ አብዛኛውን ጊዜ ሃምባከር ናቸው፤ ሁለት ጥምጥሞች በተቃራኒ ስለሚሠሩ ከ50 ኸርዙ የመብራት መስመር የሚገባውን እምታ (የማያቋርጥ «እምም» የሚል ድምፅ) እርስ በርስ ይሰርዙታል። ጊታሩ ግን ክሩ በሙሉ በብሪጁ በኩል ከአምፑ አካል ጋር ተገናኝቷል። ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው፣ ወይም አምፕህና የማይክራፎኑ ሚክሰር ከተለያየ መስመር ከተሳቡ፣ ክሩን ይዘህ ከንፈርህን ማይክ ላይ ስታደርግ መብራት ሊመታህ ይችላል። በዚህ ሰው ይሞታል። ሰርግ ድንኳን ውስጥ ስትገባ ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ መስመር አስስብ፤ የመሬት ሽቦ መኖሩን በቴስተር አስፈትሽ። እምታው ክሩን ስትነካ የሚቀንስ ከሆነ የጊታርህ ሽቦ እንደሚገባው ታስሯል ማለት ነው፤ ስትነካ የሚብስ ከሆነ ግን ነቅለህ አስመርምር እንጂ አትጫወት።

ስትገዙ ሙሉውን ገንዘብ ጊታሩ ላይ አታውሉት። ከአሥር ብር ሁለቱን ለማስተካከያ አስቀር። ርካሽ ጊታር ከፋብሪካ የሚወጣው እንጨቱ ጥሩ ሆኖ የእጅ ሥራው ሳያልቅ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው ነት ነው፤ ክሮቹ ከጭንቅላቱ ወደ አንገቱ የሚሻገሩባት ነጭ ደፍ። ፍንጮቿ ከጠበቡ ክሩ ይነክስና ስትቃኝ «ጢክ» ይላል፤ ጊታሩ ቅኝት አይዝም፤ ሰው መቃኛ ቁልፉን ይወቅሳል። ለጊዜው የእርሳስ ጥቁር ዱቄት ፍንጩ ውስጥ ብትጨምር ያስተነፍሰዋል።

ቀጥሎ አንገቱ። የመጀመሪያው ፍሬትና (ፍሬት አንገቱ ላይ የተጋደመው የብረት ዘንግ ነው) የመጨረሻው ፍሬት ላይ ወፍራሙን ክር ተጭነህ፣ ሰባተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ተራ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ደህና ነው። ምንም ከሌለ ወይም ከበዛ አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ማላላት ወይም ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፍ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የወፍራሙ ክር ከፍታ 2 ሚሊ ሜትር፣ የቀጭኑ 1.5 ገደማ ሲሆን ለእጅ ይመቻል። በመጨረሻ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ የምትሰማውና ሳትጫን በመንካት የምታወጣው ፊሽካ መሰል ድምፅ በመቃኛ እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ብሪጁ ላይ ያለችውን የዚያን ክር ቪቴ እያስተካከልክ ታመጣዋለህ። በአምባሰል ይህ ቸል ከተባለ ያቺ ዝቅ ያለችው ሬ ቦታዋን ትስታለች፤ ማሲንቆ አጠገብህ ካለ ሁሉም ሰው ይሰማታል።

ያገለገለ ከሆነ ጭንቅላቱን ከኋላ በኩል፣ ከነቱ ጀርባ፣ በብርሃን እዩት። የዚህ ዓይነት ጊታር ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ የአንገቱ ብረት ማስተካከያ ስለተቦረቦረ እንጨቱ ስስ ነው፤ ሲወድቅ የሚሰበረው እዚያ ነው። ፀጉር የመሰለ መስመር ካያችሁ ተሰብሮ ተጣብቋል። በደንብ የተጣበቀ ዕድሜ ልክ ይቆማል፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት። አክስትህም በአውሮፕላን ስታመጣው ክሮቹን ላላ አድርጋ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ ደግፋ በጠንካራ ሳጥን ትዘጋው።

ከገባ በኋላ ቶሎ አትክፈተው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ትወርዳለች። ሐረጎን በወረድክ ቁጥር ጊታሩ ከብርድ ወደ ሙቀት ይገባል፤ ክሩ ይላላል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። መድረክ ከመውጣትህ በፊት ሳጥኑን ሳትከፍት ግማሽ ሰዓት አሳርፈው፤ ከዚያ ቃኘው። በጋ ላይ ጣትህ በአንገቱ ጠርዝ ስትንሸራተት የፍሬቶቹ ጫፍ ቢቧጭርህ እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቦ ነው፤ በሞረድ ይስተካከላል፣ አትደንግጥ።

የመጨረሻው የጃኩ ነገር ነው፤ በብዛት የሚመጣልኝ ብልሽት እሱ ስለሆነ። ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለችው ዳዶ በየጊዜው ትላላለች። ሰው በፒንሳ ይዞ ያዞራታል፤ ውስጥ ያለው ጃክ አብሮ ይዞርና ሽቦው ይበጠሳል። ድፍን ጊታር ላይ ከኋላ ክዳን ከፍተህ ትበይደዋለህ። እዚህ ግን ብዙዎቹ የኋላ ክዳን የላቸውም፤ ጃኩም፣ ፖቴንሽዮሜትሮቹም (የቮልዩምና የቶን መቆጣጠሪያዎቹ)፣ መምረጫውም ሁሉ በኤፍ ቀዳዳው ነው የሚወጡትና የሚገቡት። እያንዳንዳቸውን በክር አስሬ እስባቸዋለሁ፤ ሠርቼ ስጨርስ በዚያው ክር ጎትቼ ወደየቀዳዳቸው እመልሳቸዋለሁ፤ አንዲት ጃክ ግማሽ ቀን የፈጀችብኝ ጊዜ አለ። ዳዶዋ ስትላላ መጀመሪያ ጃኩ ቀዳዳ ውስጥ ጠበቅ ብሎ የሚገባ የእንጨት ዘንግ አስገብተህ እንዳይዞር ያዘው፤ ከዚያ ዳዶዋን ብቻ አጥብቃት።